የተበላሸው ሳይለንሰርና የግሪን ካርዱ ነገር

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሰፈሬ እናት በኩራት ያጫወቱኝ ወሬ ነው። ልጃቸው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፤ ግሪን ካርድ ይዟል፤ ጥሩ ሥራ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ኢላማ ተኩስ ይሄዳል። ጠመንጃውን በሕግ ገዝቷል። አፈሙዙ ላይ የሚገጠመውን ድምፅ ማፈኛ፣ በፊልም «ሳይለንሰር» ሲባል የምንሰማውን፣ እሱንም አስመዝግቦ ነው የገዛው። አሁን ግን ሳይለንሰሩ ተበላሽቶበታል። «ፋብሪካው ይዘገያል ብሎ መለዋወጫውን በኢንተርኔት አዝዞ ራሱ ሊሠራው ነው፤ እጁ እንደ አባቱ ነው» አሉኝ። አባትየው በሕይወት ሳሉ ጋራዥ ነበራቸው።

እኔ ግን ደነገጥኩ። ልጁ ያዘዘው መለዋወጫ መዳፍ የማይሞላ ብረት ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ጫማ ዋጋ ላይበልጥ ይችላል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ዓይን ግን ያ ብረት ራሱን የቻለ አንድ የጦር መሣሪያ ነው። ሳያስመዘግብ ከያዘው እስከ 10 ዓመት የሚደርስ እስራት አለ። ግሪን ካርድ ለያዘ ሰው ደግሞ ነገሩ በእስር አያበቃም።

የእኛ ሰው ዕቃ ሲሰበር መጠገን ልማዱ ነው። ማርሚታ ሲበሳ እናስበይዳለን፤ ቁራጭ ሲጠፋ ቶርኖ ቤት ወስደን እናስወጣለን። ልጆቻችንም ይህን ከእኛ ወርሰው ነው የሄዱት። ብዙ ጊዜ ያኮራል። በዚህ አንድ ጉዳይ ግን ያው ባለሙያ እጅ ከባድ ወንጀል ውስጥ ሊያስገባ ስለሚችል፣ ልጅ፣ የወንድም ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አሜሪካ ያለው ሁሉ እንዲያውቀው ብዬ ሕጉን አገላብጬ ይህን ጻፍኩ።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንወቅ። ጥይት ሲተኮስ ጥይቱን ተከትሎ የጋለ ጋዝ ይወጣል። ያ ጋዝ በአንድ ጊዜ ወደ አየር ሲፈነዳ ነው ጆሮ የሚሰነጥቀው ድምፅ የሚፈጠረው። ሳይለንሰር ቱቦ ነው፤ በውስጡ መሐላቸው የተበሳ ሳህን መሰል ብረቶች ተደርድረዋል። ጋዙ በእነዚህ መሐል እየዞረ ሲያልፍ ይበርዳል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ሥራው ከመኪና ማርሚታ ብዙ አይለይም። ለገበያ ያበቃው አሜሪካዊው ሂራም ፐርሲ ማክሲም እ.ኤ.አ. በ1909 የፈጠራ መብት አገኘበት፤ ሰውዬው በመኪና ማርሚታም ላይ ሠርቷል። አባቱ ደግሞ በስማቸው የሚጠራውን የማክሲም መትረየስ የፈጠሩት ሂራም ስቲቨንስ ማክሲም ናቸው፤ በራሳቸው መሣሪያ ጩኸት ብዛት ጆሯቸው የደነቆረው። አባት የሚያደነቁረውን ሠርተው፣ ልጅ ማፈኛውን ሠራ።

ሕጉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ዘመኑ አሜሪካ ውስጥ ሽፍቶችና ወሮበሎች በመትረየስ ባንክ የሚዘርፉበት ነበር። ኮንግረሱ ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ የተባለውን አወጣና መትረየስን፣ አፈሙዙ ያጠረ ጠመንጃንና ሳይለንሰርን አንድ መዝገብ ውስጥ ከተታቸው። አንዱን ለመሥራት ወይም ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ 200 ዶላር ታክስ ተጣለ። የያኔው 200 ዶላር ከተራ ጠመንጃ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ የታሰበውም ገንዘብ መሰብሰብ ሳይሆን ገዢውን ተስፋ ማስቆረጥ ነው። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1986 የሳይለንሰር ትርጉም ሰፋ። ከዚያ ወዲህ ሳይለንሰር ማለት ሙሉው ዕቃ ብቻ መሆኑ ቀረ። ሳይለንሰር ለመገጣጠም ታስበው የተሰናዱ ክፍሎች ስብስብም ሳይለንሰር ነው፤ ለዚያ ሥራ ብቻ የታሰበ አንድ ነጠላ ክፍልም ሳይለንሰር ነው። የጎረቤቴ ልጅ ችግር ያለው እዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

አሁን ወደ ጥገናው እንምጣ። ሳይለንሰር ይበላሻል። ቱቦው ወድቆ ይጎዳል፤ ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዘው ጥርስ ይበላል፤ በትክክል ሳይገጠም ቀርቶ ጥይቱ የውስጡን ሳህን ይመታዋል። ሕጉን የሚያስፈጽመው የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ቢሮ፣ በአጭሩ ኤቲኤፍ የሚባለው፣ በመመሪያው የሚለው እንዲህ ነው። የተጎዳ ቱቦን ያስመዘገበው ባለቤት ራሱ ወይም ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ጠጋኝ ሊጠግነው ይችላል። ጎድጉዶ ከሆነ ማቃናት፣ ጥርሱ ተበልቶ ከሆነ እሱን ማስተካከል አልተከለከለም። ነገር ግን ጥገናው የዕቃውን መጠንም ሆነ የሚያስተናግደውን የጥይት ስፋት መለወጥ የለበትም። አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ አለ፤ የተጎዳውን ጫፍ ለማስተካከል ሲባል ቱቦው ቢያጥር ይፈቀዳል። ማስረዘም ግን አይቻልም። ያስረዘመ ሰው አዲስ ሳይለንሰር እንደሠራ ይቆጠራል።

መለያ ቁጥሩ ከሁሉም በላይ የሚፈራ ነው። ጥገናው ቁጥሩን የሚያጠፋ፣ የሚፍቅ ወይም የሚለውጥ ከሆነ አይደረግም። ቱቦው ከጥገና በላይ ከተጎዳና በአዲስ ከተተካ ደግሞ አዲሱ ቱቦ አዲስ ሳይለንሰር ነው፤ የድሮው ምዝገባ አይሸፍነውም። ውስጡ ያሉት ሳህኖች የድሮዎቹ ቢሆኑም ለውጥ የለውም።

የውስጥ ሳህኖቹ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። «ሳይለንሰሩ የኔ ነው፣ ተመዝግቧል፤ አንዷን ሳህን ብቀይር ምን አለበት?» ይላል ሰው። ለእኛ አእምሮ ፍጹም ትክክል ጥያቄ ነው። ሕጉ ግን ምትክ ሳህኗን ራሷን እንደ አንድ ሳይለንሰር ነው የሚያያት። ባለቤቱ ያለ ምዝገባ ሊገዛት አይችልም፤ ቶርኖ ቤት ሊያሠራትም አይችልም፤ ለክፉ ቀን ብሎ መሳቢያ ውስጥ ሊያስቀምጣትም አይችልም። መተካት የሚችለው ለዚህ ሥራ ፈቃድ ያወጣና ለዓይነቱ የተመደበውን ልዩ ታክስ የሚከፍል አምራች ወይም ነጋዴ ነው። እነዚህ ባለፈቃዶች እርስ በርሳቸው መለዋወጫ መቀባበል ይችላሉ፤ ተራው ባለቤት ግን በመሐላቸው አይገባም።

ስለዚህ የጎረቤቴ ልጅ ማድረግ ያለበት ሳይለንሰሩን ወደ አምራቹ ወይም ወደ ሌላ ባለፈቃድ መላክ ነው። ለጥገና መላክ ዕቃን ለሌላ ሰው እንደማስተላለፍ አይቆጠርም፤ ሆኖም ኤቲኤፍ በኋላ ጥያቄ እንዳይነሳ አስቀድሞ ቅጽ አምስት የሚባለውን ሞልቶ ማሳወቅን ይመክራል። መዘግየቱ እውነት ነው፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። ትዕግሥት ግን ከጠበቃ ይረክሳል። ከባዶው መሥራት የሚፈልግ ሰውም መንገድ አለው፤ ቅጽ አንድ የሚባለውን ሞልቶ፣ አሻራና ፎቶ አያይዞ፣ ፈቃዱ እስኪመጣ ምንም ሳይነካ መጠበቅ ነው። ፈቃዱ ሳይመጣ የጀመረ ሰው፣ ፈቃዱ በማግሥቱ ቢደርሰውም፣ ጥፋቱ ተፈጽሟል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ ወጥመድ አለ። በኢንተርኔት ገበያ ላይ «የጠመንጃ ማጽጃ ፈሳሽ ማጠራቀሚያ» ወይም «የመኪና ነዳጅ ማጣሪያ» ተብለው የሚሸጡ ቱቦዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ከቻይና ነው የሚመጡት። ስማቸው ንጹሕ ነው፤ ሲከፈቱ ግን ያው ቱቦና ያው ሳህኖች ናቸው። ጉምሩክ ይይዛቸዋል። መርማሪዎች የሻጩን መዝገብ ይዘው የገዢውን በር ያንኳኩበት ጊዜም አለ። «ሱቅ ላይ ተለጥፎ፣ በካርድ ከፍዬ፣ በስሜ ነው የመጣልኝ፤ ሕገወጥ ቢሆን ይሸጡት ነበር?» የሚለው መከራከሪያ ለእናት ጆሮ ያሳምናል። ፍርድ ቤት የሚያየው ግን ዕቃው ለምን እንደተሠራና ገዢው ለምን እንደፈለገው ነው።

ሌላ አዲስ ነገርም መጥቷል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ትልቁ የበጀት ሕግ የሳይለንሰር ታክስ ከ200 ዶላር ወደ ዜሮ እንዲወርድ ተደርጓል፤ ሥራ ላይ የሚውለው ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሕጉ ተነሳ» የሚል ወሬ በየቦታው ይናፈሳል። የተነሳው ገንዘቡ ነው። ማመልከቻው፣ አሻራው፣ ፎቶው፣ ምዝገባውና ፈቃድ መጠበቁ በነበሩበት ናቸው። የእስራቱም ቅጣት እንዳለ ነው። ልጃችሁ ስልክ ላይ «አሁን እኮ ነጻ ሆኗል» ካላችሁ፣ ነጻ የሆነው ክፍያው ብቻ መሆኑን ንገሩት።

አሁን እኔን በጣም ወዳስደነገጠኝ ነገር ልምጣ። አሜሪካዊ ዜጋ በዚህ ጥፋት ቢያዝ ይታሰራል፣ ይቀጣል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ግን ዜጋ አይደለም። የስደተኞች ሕግ በጦር መሣሪያ ወንጀል የተፈረደበትን ሰው ከአገር እንዲወጣ ያዛል፤ የጦር መሣሪያ ትርጉሙ ደግሞ ሳይለንሰርን ይጨምራል። ከዚህም ይብሳል። በ1934ቱ ሕግ መሠረት ያልተመዘገበ መሣሪያ መያዝ በስደተኞች ሕግ ውስጥ «የከፋ ከባድ ወንጀል» ከሚባሉት ተርታ በስም ተጠቅሷል። በዚህ ተርታ የገባ ሰው «ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ» የሚልባቸው በሮች አብዛኛዎቹ ይዘጉበታል። ሃያ ዓመት የለፋበት ቤት፣ እዚያ የተወለዱ ልጆች፣ ለወላጅ የሚላከው ገንዘብ፣ ሁሉም መዳፍ በማትሞላ ብረት ሊሄድ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነጥብ በደንብ ያዙልኝ። ዐቃቤ ሕግ ብዙ ጊዜ «ጥፋትህን እመን፣ እስር የለም፣ በገደብ እንለቅሃለን» ብሎ ይደራደራል። ልጅ ቶሎ ለመገላገል ይስማማል። ለስደተኞች ሕግ ግን በገደብ የታለፈም ቅጣት ጥፋተኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓዲያ ጉዳይ የወሰነው ይህን የሚመለከት ነው። ሰውዬው ሆንዱራስ የተወለደ፣ በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ የተዋጋ፣ ከአርባ ዓመት በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት የኖረ ነበር፤ ጥፋቱም የዕፅ ጉዳይ ነበር። ጠበቃው «ብዙ ስለኖርክ አያባርሩህም» ብሎት አመነ፤ ምክሩ ስህተት ነበር። ፍርድ ቤቱ የወንጀል ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው የመባረርን አደጋ የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ጉዳይ ከገጠመው የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ዓመት ነው?» ሳይሆን «በግሪን ካርዴ ላይ ምን ያመጣል?» የሚል መሆን አለበት፤ ቃል ከመስጠቱና ከመፈረሙ በፊት።

አሁን መሳቢያው ውስጥ እንዲህ ያለ መለዋወጫ ያለው ልጅስ? ለጓደኛ መስጠትም መሸጥም ሌላ ጥፋት መጨመር ነው። ወደ ሌላ ግዛት በፖስታ መላክም እንዲሁ። ጠበቃ ያማክር፤ ጠበቃው ዕቃው በሥርዓት ለመንግሥት የሚሰጥበትን መንገድ ያውቀዋል።

ልጆቻችንን ልንጠይቅ በጎብኚ ቪዛ ለምንሄድ ወላጆችም የሚነካን ነገር አለ። በጎብኚ፣ በተማሪና በመሰል ጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አሜሪካ ውስጥ የጦር መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም። ሳይለንሰርም መሣሪያ ነው። ልጅ ለሥራ ሌላ ከተማ ሲሄድ «እማዬ፣ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ይኸው» ብሎ መሣሪያ ያለበትን ቁልፍ ትቶ ቢሄድ እናት ምንም ሳታደርግ ያዥ ልትባል ትችላለች። ቁልፉን ይዞ ይሂድ፤ ወይም ለእንግዳ የማይከፈት ካዝና ይኑረው። ባልና ሚስትም ቢሆኑ ምዝገባው በማን ስም እንደሆነ ይወቁ፤ ብዙ አሜሪካውያን ለዚሁ ሲሉ በቤተሰብ አደራ ስም ያስመዘግባሉ።

ቦታም ይለያል። ሳይለንሰር መያዝ በ42 ግዛቶች ይፈቀዳል። በካሊፎርኒያ፣ በዴላዌር፣ በሃዋይ፣ በኢሊኖይ፣ በማሳቹሴትስ፣ በኒው ጀርሲ፣ በኒው ዮርክና በሮድ አይላንድ ግን ለተራ ሰው የተከለከለ ነው። ዋሽንግተን ዲሲም ከልካይ ናት። ለእኛ ሰዎች ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ይፈቅዳሉ፤ መሐላቸው ያለችው ዲሲ ትከለክላለች። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ልጅ ቅዳሜ ተኩሶ ዕቃውን መኪናው ኋላ ረስቶት እሑድ ዲሲ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም የፖቶማክን ድልድይ ቢሻገር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሕጋዊ የነበረው ዕቃ ወንዙ ማዶ ወንጀል ይሆናል።

ነርስ ነኝና ስለ ጆሮ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ልጆቹ ይህን ዕቃ የሚገዙበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለም፤ ጆሯቸውን ለመጠበቅ ነው። በኖርዌይና በፊንላንድ አዳኞች እንደ ተራ ዕቃ ይጠቀሙበታል። የጠመንጃ ተኩስ ከ140 እስከ 170 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ከ140 በላይ የሆነ አንድ ድንገተኛ ጩኸት ብቻውን ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ሳይለንሰር ከዚህ ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። በፊልም የምናየው የ«ፍስስ» ድምፅ ተረት ነው፤ ከድምፅ የሚፈጥን ጥይት አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያሰማው ጩኸት በሳይለንሰር አይታፈንም። ስለዚህ ሳይለንሰር ቢኖርም የጆሮ መከላከያ ማድረግ ግዴታ ነው። ሳይለንሰሩ በጥገና ላይ ያለበት ልጅም ጥሩ የጆሮ መሸፈኛ ከጆሮ ውታፍ ጋር ደርቦ ቢጠቀም ጆሮው የመጎዳት አደጋው ይቀንሳል። መሸፈኛ መግዛት ምዝገባ አይፈልግም።

የእርሳስ ነገርም አለ። የጥይት ጭስ እርሳስ አለበት፤ ሳይለንሰር ሲገጠም ደግሞ ከጋዙ ብዙው ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ውስጡ የሚጠራቀመው ጥቁር ቅሪትም ያው ነው። በማድ ቤት ማጠቢያ እንዳያጸዳው። ከተኩስ ሲመለስ ልብሱን ቀይሮ፣ እጁንና ፊቱን በሳሙና ታጥቦ ነው ልጁን የሚያቅፈው። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

ለአያቶች ደግሞ የውርስ ጉዳይ አለ። የተመዘገበ ሳይለንሰር ያለው ሰው ቢሞት ዕቃው ለወራሽ ይተላለፋል፤ ግን እንደ ሰዓትና እንደ ቀለበት እጅ በእጅ አይሰጥም። የንብረቱ አጣሪ ለኤቲኤፍ አመልክቶ፣ ወራሹ መሣሪያ መያዝ የማይከለከል መሆኑ ተረጋግጦ፣ ፈቃድ ሲመጣ ነው የሚረከበው። ሐዘን ቤት ሆኖ «ይህን አንተ ውሰድ» ማለት አይሠራም። የምዝገባው ወረቀት የት እንዳለ ሰው ሳይሞት ለቤተሰቡ ቢናገር ጥሩ ነው።

በመጨረሻ ለአገር ቤቶቹ። «ከአሜሪካ ስትመጣ እንዲህ ያለች ዕቃ አምጣልኝ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ሳይለንሰርንም ሆነ ክፍሎቹን ከአሜሪካ ለማውጣት ከመንግሥት የወጪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እዚህም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለን። ሻንጣው ሁለት አገር ይፈተሻል። ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ከነገርኳቸው በኋላ ያን ዕለት ማታ ለልጃቸው ደወሉ፤ ትእዛዙ ገና ስላልተላከ መሰረዝ ችሏል። ሳይለንሰሩ አሁን ፋብሪካ ነው፤ ወረፋው ይጠበቃል።